ጉንፋኔ የት የት እንደደረሰ

ዛሬ ልጆቹ «ሳይነስ» የሚሉትን በሽታ እኛ በጣሊያን ጊዜ ስም አላወጣንለትም ነበር። የታመመው ሰው ግንባሩን በነጠላ ቁራጭ ጥፍር አድርጎ ያስራል፤ ያልታመመው «ምነው፣ ምን ሆንክ?» ይለዋል፤ የታሰረው ሰው ሊመልስ ሲሞክር ጋን ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል፤ ጠያቂው ይስቃል፤ ነገሩም በዚሁ ያልቃል። እኔ ቤት ግን በዚሁ አላለቀም። ይህ በሽታ በቤተሰብ ውስጥ ይተላለፋል ወይስ አይተላለፍም የሚለው ጥያቄ ስንቱን ሽማግሌ ከቤቱ እንዳስነሳ ብነግራችሁ ላታምኑኝ ትችላላችሁ። ጊዜ ካላችሁ ቁጭ በሉና ላጫውታችሁ። ጉንፋን የያዘው ካለ ግን ትንሽ ራቅ ብሎ ይቀመጥልኝ።

እኔ ዲላ ተወልጄ ያደግሁ የቡና ነጋዴ ነኝ። አባቴ ከሰላሌ ከሠራዊት ጋር መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር። እሱ የኖረው በጠመንጃው ነው፤ እኔ የኖርኩት በአፍንጫዬ ነው። ገበሬው ጀንፈሉን፣ ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ ሲያመጣልኝ እፍኝ ዘግኜ አፍንጫዬን እቀብርበታለሁ። ሻግቶ እንደሆነ፣ መሬት ላይ ደርቆ እንደሆነ፣ ጭስ ያለበት ቤት ከርሞ እንደሆነ ወዲያው ይታወቀኛል። ባለቤቴ አስካለ «አንተን ያገባሁት ለአፍንጫህ ነው» ትለኝ ነበር። መልኩን ማለቷ እንዳልሆነ ያየኝ ሁሉ ያውቃል።

በዚያ ዓመት ቡናው ደርሶ ገበያ መውጣት ሲጀምር ዝናቡ ግን አልወጣም አለ። ገደብ ከሚባለው አገር የመጣ ጭነት ላወርድ ስል ዝናብ መታኝና ጉንፋን ያዘኝ። ጉንፋኑ ሌላው ሰው ላይ እንደሚያደርገው መጥቶ እንደመሄድ፣ ቅንድቦቼ መሃል ቤት ሠርቶ ተቀመጠ። ጉንጮቼ አበጡ። የላይኛው ጥርሴ ሁሉ ያመኝ ጀመር። ጫማዬን ላስር ጎንበስ ስል ጭንቅላቴ ከእኔ ቀድሞ መሬት የሚደርስ ይመስለኛል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አፍንጫዬ ሞተ። ቡና ባሸት፣ ፍግ ባሸት፣ ሁሉም አንድ ሆነብኝ።

አስካለ «ምች ነው» አለች፤ ዳማከሴ ጨምቃ አሸችኝ። ቀጥላ ነጭ ሽንኩርት አስበላችኝ። ቀጥላ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልታ ድስቱ ላይ ደፍታኝ ጋቢ አለበሰችኝ። ጋቢው ውስጥ ሆኜ ላብ በላብ ስሆን፣ ጋቢው በአንድ በኩል ተገለጠና የጥላሁን ራስ ገባ።

ጥላሁን የአስካለ ወንድም ነው። ጣሊያን ሳይገባ፣ መንግሥት እያለ የጽሕፈት ቤት ሰው ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ከመንግሥቱ ጋር ሲጠፋ «ለጊዜው» ብሎ እኛ ቤት መደብ ላይ ተቀመጠ፤ ጊዜውም እሱም እስካሁን አልተነሱም።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?» አልኩት።

«እንፋሎት ለጤነኛም ጥሩ ነው። ዝም ብሎ ከሚባክን» አለኝ።

አንድ ጋቢ ውስጥ አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠን ድስቱ እስኪቀዘቅዝ ቆየን። ብዙም ሳይቆይ ጥላሁንም ግንባሩን አሰረ።

ይሄኔ አስካለ ነገሩ ገባት። ዋንጫዬን ለየች፣ ትራሴን ለየች፣ በመጨረሻም እኔኑ ለየችኝና ከሱቁ ጀርባ ካለው የቡና መጋዘን ውስጥ አልጋ ዘርግታ አስቀመጠችኝ። «ይህ ነገር ይተላለፋል» አለች። ጥላሁን ደግሞ ከእህቱ ጋር መስማማት ስለማይወድ «አይተላለፍም፤ ይህ ከደም የሚመጣ፣ በዘር ያለ ነገር ነው» አለ። እኔና እሱ በደም እንደማንገናኝ ብነግረውም ሐሳቡን አልለወጠም። ክርክራቸው ገና ሳያልቅ አስካለ ራሷ ወደቀች። ከእሷ በኋላ ምግብ የምታመላልስልኝ ልጃችን ብርቅነሽ ተከተለች። በቤቱ ውስጥ ግንባሩ ያልታሰረ ሰው ጠፋ። ከውጭ ለሚያየን የአንድ ማኅበር አባላት እንመስል ነበር።

ንግዱ ግን አይጠብቅም። አፍንጫ የሌለው የቡና ነጋዴ ምን ያደርጋል? የሰው አፍንጫ ይለምናል። እኔም በራሶን ለመንኩት። በራሶ ከኮንጋ ቡና የሚያመጣልኝ የጌዴኦ ልጅ ነው፤ ሰውነቱ ዘንካታ፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ ቡናውም ንጹሕ ነው። ገበያው እስኪያልፍ ዲላ የአንድ ዘመዱ ጓሮ ባለች ጎጆ ብቻውን ያድራል። ጠዋት ጠዋት መጋዘኑ እየመጣ ገበሬዎች ያመጡትን ያሸትልኝ ጀመር።

«ይቺኛው ጥሩ ነው ጌታዬ» ይለኛል። «ያቺኛው ሻግቷል።»

እሱ አሽቶ፣ እኔ መዝኜ፣ ነገሩ በጥሩ ሁኔታ ይሄድ ነበር። ትኩሳቱ ሲጫነኝ ጆንያው ላይ ጋደም እላለሁ፤ ስነቃ ሥራው አልቆ፣ መጋዘኑ ተጠርጎ አገኘዋለሁ። እንዲህ ያለ ታማኝ ሰው የሰጠኝን አምላክ አመሰግን ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከአቶ ደምሴ ቤት ሽማግሌ ሊመጣ ቀን ተቆርጦ ነበር። አቶ ደምሴ ዲላ ውስጥ ስም ያለው የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ብርቅነሽን ለልጁ ጠይቆ እኛም ፊት አልነሳነውም። በሽታውን አይተን ቀኑ ይራዘም ብንል «ሰበብ ፈለጉ» እንዳንባል ፈራን። አስካለ እንደ ምንም ተነስታ ዶሮ ሠራች። ማናችንም አናሸትም፣ ማናችንም አናጣጥምም። ከቡሌ የመጣው ቅቤ ቅቤ መሆኑን ካቆመ መሰንበቱን በምን እንወቅ?

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። የመጀመሪያው ጎረሰ። ጎርሶ ቆየ። ወደ ጣሪያ አየ፣ ወደ በሩ አየ፣ ከዚያ እንደ ምንም ዋጠና «እጅሽ ይባረክ» አለ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቀረረ። ሁለተኛው ጾም ላይ መሆኑ በድንገት ትዝ አለው። እኔ ግን ምን እንደሆነ ሳይገባኝ «ብሉ እንጂ» እያልኩ ትልቅ ትልቁን እያጎረስኳቸው ነው። ሰው ቤት ገብቶ እንደዚያ የተቀጣ ሽማግሌ ያለ አይመስለኝም።

እጃቸውን ሲታጠቡ ታላቁ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ ይደረግልንና፣ ቤተሰቡ በሙሉ ግንባሩን አስሯል። ይህ ነገር ከውጭ የመጣ ነው ወይስ በዘር ያለ?»

እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ጥላሁን ከመደቡ ላይ ቀና አለ። እህቱን የሚረታበት ጊዜ እንደመጣ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። «ምንም አትስጉ» አላቸው። «አይተላለፍም። በዘር ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከዚያ በፊት የሚሰጉት ለራሳቸው ነበር፤ አሁን ገና ላልተወለዱት የአቶ ደምሴ የልጅ ልጆች መስጋት ጀመሩ። «እንግዲያው» አለ ታላቁ፣ «ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ቁርጡን ብታመጡልን መልካም ነው። በዘር ያለ ካልሆነ ነገራችንን እንቀጥላለን።» ከወጡ በኋላ አስካለ ወንድሟን ለረጅም ጊዜ አየችው። በዚያ ሰሞን ለእሱ ወጥ የሚወጣለት መጨረሻ ላይ ነበር።

ሐኪም ማለት የጣሊያኖቹ ሐኪም ነው፤ ሌላ የለም። ወደ ሕክምና ቤታቸው መሄድ ደግሞ አልወድም። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ራሱን ያመመው ሰው ክንዱን ተወግቶ ሲወጣም አይቻለሁ። ዛሬ ነገ እያልኩ ሳመነታ አንድ ቀን ወደ ማታ በመሥሪያ ቤታቸው ፊት ለፊት ሳልፍ ጡሩምባ ተነፋ። ባንዲራቸው ሲወርድ መንገደኛው ሁሉ ባለበት ቆሞ እጁን መዘርጋት አለበት። እኔም ቆምኩ፣ እጄን ዘረጋሁ። አንገቴን ቀና በማድረጌ ነው መሰለኝ ግንባሬ ውስጥ ያለው ሁሉ ተናወጠና ዓይኔ እንባውን ያወርደው ጀመር። ልጠርገው አልችልም፣ እጄ ተዘርግቷል። ሥነ ሥርዓቱ ሲያልቅ የጣሊያኖቹ ካፒቴን አስተርጓሚውን አስከትሎ ወደ እኔ መጣ። ሰው ሁሉ ከአጠገቤ ሸሸ።

«ለምን ታለቅሳለህ ይልሃል» አለኝ አስተርጓሚው፤ የሐማሴን ሰው ነው፣ ቡናም ከእኔ ነው የሚገዛው።

«ግንባሬን አሞኝ ነው» አልኩት።

አስተርጓሚው ከእኔ አነጋገር ብዙ እጥፍ የረዘመ ነገር ተናገረ። ካፒቴኑ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፣ በማግስቱም ያለ ሰልፍ ወደ ሐኪሙ እንድገባ ትእዛዝ ሰጠ።

«ምን አልከው?» አልኩት ካፒቴኑ ሲሄድ።

«ለባንዲራው ካለህ ፍቅር የተነሳ እያለቀስክ ታመምክ አልኩት። እውነቱን ብነግረው እኔንም አንተንም ራቁ ይለን ነበር።»

አባቴ ይህን ሳይሰማ መሞቱ እንደዚያ ቀን ደስ አሰኝቶኝ አያውቅም።

በማግስቱ ገባሁ። ሐኪሙ ወፍራም፣ እሱም ራሱ አፍንጫውን የሚጠርግ ሽማግሌ ነው። ቅንድቤን በአውራ ጣቱ ሲጫነኝ ጮህኩ፤ ደስ አለው። ጉንጬን ሲጫነኝ ደግሜ ጮህኩ፤ ይበልጥ ደስ አለው። «ሲኑዚቴ» አለ። አስተርጓሚውም «በፊትህ አጥንት ውስጥ ትንንሽ ክፍሎች አሉ፤ እነሱ ሞልተዋል ማለቱ ነው» አለኝ። ክፍሎቹ መሙላታቸውን እኔም ቀድሞ አውቄዋለሁ፤ ተከራዩን የሚያስወጣልኝ ነው የፈለግሁት። የሚታጠን ነገር ሰጠኝ። ከመውጣቴ በፊት የሽማግሌዎቹን ጥያቄ አቀረብኩ።

«በዘር ነው ወይ? በቤተሰብ ውስጥስ ይተላለፋል?»

ሐኪሙ ጥያቄውን ወደደው። ወንበሩን ስቦ በእጁ እያሳየ አስረዳ። አስተርጓሚው እንደነገረኝ ከሆነ፣ በዘር አይደለም። ክፍሎቹ ውስጥ የተጠራቀመው ነገርም ከሰው ወደ ሰው አይሄድም። መጀመሪያ በሩን የከፈተው ጉንፋን ግን ይሄዳል፤ ሄዶም የሌላውን ሰው ክፍሎች እንዲሁ ይሞላል።

«ከምን ያህል ርቀት?»

ሐኪሙ በቃል ከመመለስ ይልቅ ፊቱን ወደ አስተርጓሚው ፊት አስጠጋ፤ በጣም አስጠጋ። አስተርጓሚው ወደ ኋላ ሸሸ። «እንዲህ ነው ይላል» አለኝ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ። «ባልና ሚስት። እናትና ልጅ። በአንድ ቤት ትንፋሽ ለትንፋሽ የሚኖር ሰው። ገበያ ውስጥ ፈንጠር ብሎ የቆመን ሰው ግን ብዙም አያገኘውም።»

አመስግኜ ስወጣ ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ በራሶ ቁጭ ብሏል። ግንባሩ ታስሯል፤ ጉንጩ አብጧል። ሁለት ቀን ሥራ የቀረው ለካ ለዚህ ነው። አንጀቴን በላው። እጁን ይዤ ሰልፉን አስጥዬ አስገባሁት። ሐኪሙ ቅንድቡን ሲጫነው በራሶ ባይጮህም ዓይኑን ጨፈነ።

«ቤቱ ውስጥ ሌላ የታመመ ማን አለ ይላል» ሲል አስተርጓሚው ጠየቀው።

«የለም። ብቻዬን ነኝ» አለ በራሶ።

«እንግዲያስ ከማን ያዝከው? ይህ በአንድ ቤት ላለ ቤተሰብ እንጂ ገበያ ላይ ለቆመ ሰው አይተላለፍም ይላል። ማንን ተጠጋህ?»

በራሶ እኔን አየኝ። ከዚያ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። አስተርጓሚውም እኔን አየኝና በድንገት ሳል ያዘው፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔ ግን ያሰብኩት «ምስኪን፣ አስታማሚ የለው፣ ብቻውን ታሞ» የሚል ብቻ ነበር። ለአስካለ ነግሬ አጥሚት እንድትልክለት ወሰንኩ።

ራት ላይ ቁርጡን ይዞ እንደመጣ ሰው ተኮፍሼ ተቀመጥኩ። አስካለ፣ ጥላሁንና ብርቅነሽ ዙሪያዬን ናቸው። ሐኪሙ እንዳደረገው በእጄ እያሳየሁ ጀመርኩ። በዘር አለመሆኑን ስናገር ጥላሁን አኮረፈ። ጉንፋኑ እንደሚተላለፍ ስናገር አስካለ ራሷን ነቀነቀች።

«ግን ከሩቅ አይደለም» አልኩ። «ትንፋሽ ለትንፋሽ የተጠጋ ሰው ብቻ ነው የሚይዘው። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ። ለምሳሌ በራሶን ውሰዱ። ብቻውን ነው የሚኖረው፣ ቤቱ ውስጥ አንድም የታመመ ሰው የለም፣ እሱ ግን ልክ እንደ እኛ...»

ራሴን መስማት የጀመርኩት እዚህ ላይ ነው። አስካለ ጉርሻዋን መልሳ ገበታው ላይ አስቀመጠች። ዓይኗ ቀስ ብሎ ወደ ብርቅነሽ ሄደ። የጥላሁንም ሄደ። የእኔ መጨረሻ ላይ ደረሰ። ብርቅነሽ የገበታውን ጠርዝ በጣቷ ትዳስሳለች።

«ከእኔ ይዞት ይሆናል» አልኩ ቶሎ ብዬ። «መጋዘን ውስጥ አብረን ስንውል...»

«አንተና እሱ በመሃላችሁ ሚዛን አለ» አለች አስካለ።

«ሚዛኑ እኮ ትልቅ አይደለም።»

«ከአባዬ አይደለም» አለች ብርቅነሽ። ድምፅዋ በአፍንጫዋ ስለሚወጣ ቢደፈንም በደንብ ተሰማ። «ከእኔ ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቤቱ ይናወጥ ነበር። ነገር ግን አራታችንም ታመናል፤ መጮህ ግንባር ያፈርሳል። ጥላሁን ሊቆጣ ብድግ አለና ራሱን ይዞ ተመልሶ ተቀመጠ። «በቶሎ ለአቶ ደምሴ ልጅ ትሰጥ። ወሬው ሳይወጣ» አለ ቀስ ብሎ። አስካለ ገበታውን አነሳች።

እኔ ምን ተሰማኝ ብትሉኝ፣ ቁጣ ብቻ አልነበረም። እንቅልፍም አልወሰደኝ። የበራሶ አባት በድሮው ጊዜ ለአባቴ ማር ይገብር የነበረ ሰው ነው። ደጃችን ላይ ቆሞ ፀሐይ ሲመታው በልጅነቴ አይቼዋለሁ። ጣሊያን መጥቶ ያ ሥርዓት ቀረና አሁን ልጁ ቡናውን በገበያ ዋጋ ይሸጥልኛል፤ እኔም ከዚህ ንግድ ሌላ ዝምድና ይኖረናል ብዬ አስቤ አላውቅም። «ጌታዬ» ሲለኝ ዝም ብዬ እቀበል ነበር።

ጠዋት ብርቅነሽ ቁርሴን ይዛ መጋዘኑ ስትመጣ ጆንያው ላይ አጠገቤ አስቀመጥኳት።

«መቼ ነው ይህ የሆነው?» አልኳት።

«አንተን እንቅልፍ ሲወስድህ።»

«እኔ እዚሁ ተኝቼ?»

«እዚሁ።»

«ምን ታወሩ ነበር?»

«ስለ ቡና ነው የሚያወራኝ። ስለ እናቱም። ደግሞ ስለ አንተ ሕመም ይጠይቀኛል።»

«ታዲያ ይህ ትንፋሽ ለትንፋሽ ተጠግቶ ነው የሚወራው?»

ትንሽ አሰበች። «ድምፃችን እንዳይቀሰቅስህ ብለን ነው፣ አባዬ። እንዳትነቃ ነው ጠጋ ያልነው።»

ሳቄ መጣብኝ፤ እንዳይታይብኝ አስነጠስኩ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«የአቶ ደምሴ ልጅስ ምን አለበት?» አልኳት።

«ምንም የለበትም። ሱቃቸው ስሄድ ግን የሚያናግረኝ ጨርቁን እያየ ነው። ከሰጠኸኝ እሄዳለሁ አባዬ፤ አላዋርድህም። ስለጠየቅኸኝ ግን እውነቱን ነገርኩህ።»

ይህን ብላ ሰሃኑን ትታ ወጣች። «እምቢ አልሄድም» ብላ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር፤ ለልቅሶ የሚሆን መልስ አባቶች ሁሉ አለን።

ከሰዓት ጋቢዬን ተከናንቤ አቶ ደምሴ ሱቅ ሄድኩ። ጣቃ ጨርቅ ዘርግቶ እየለካ አገኘሁት።

«ሐኪሙ ምን አለ?» አለኝ።

«ይተላለፋል አለ» አልኩት። «በተለይ በቤተሰብ ውስጥ ክፉኛ ይተላለፋል።»

አንድም ቃል ሐሰት የለበትም። «በዘር አይደለም» የምትለዋ ብቻ ጉሮሮዬ ውስጥ ቀረች፤ ጉሮሮዬ ደግሞ በዚያ ሰሞን ታሞ ነበር። አቶ ደምሴ ጣቃውን ቀስ ብሎ ከፊቴ አራቀው። ወንበሩንም አራቀ። የጤናዬን ነገር አምላክ እንዲያስብበት ተመኘልኝ፤ ልጁ ገና ለትዳር ያልበሰለ መሆኑም ድንገት ታየው። አልተቀያየምንም። እስከ ዛሬ ሰላም እንባባላለን፤ ብቻ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ነው።

ለአስካለ ስነግራት «ምን አደረግህ?» አለችና ፊቷን አዞረች። ቆይታ ግን «ለዚያ ልጅ አጥሚት የሚወስድለት አለ?» ስትል ጠየቀችኝ።

በራሶ ግን ጎጆው አልነበረም። ሕመሙ ሲሻለው ለማንም ሳይናገር ወደ ኮንጋ ሄዷል። አንድ ሳምንት ሙሉ ወሬው ጠፋ። ብርቅነሽ አትበላም፤ ጥላሁን «ይኸው፣ በሽታችንን ይዞ ጠፋ» ይላል፤ እኔም በልቤ የአቶ ደምሴን በር በችኮላ መዝጋቴን ማሰብ ጀመርኩ። ልጄን ከሁለት ያጣ አደረግኋት ብዬ ፈራሁ። ገበሬ በበሩ ባለፈ ቁጥር አስካለ ብቅ ትላለች። እህል ልትገዛ እንዳልሆነ እናውቃለን።

ቅዳሜ ከገበያ በኋላ የኮንጋ ሽማግሌዎች መጡ። ከዝናቡ ውስጥ እየወጡ በሥርዓት ተሰልፈው ገቡ፤ ጋቢያቸው ረጥቧል፣ በትራቸውን በሩ ላይ አቁመዋል። መሃላቸው የበራሶ አባት አለ። አረጀ እንጂ አልተለወጠም። ተነስቼ የራሴን ወንበር ሰጠሁት። ትንሽ አመነታና ተቀመጠ። በራሶ ራሱ ደጅ እንሰቱ ሥር ቆሟል አሉ፤ በሥርዓቱ መሠረት መግባት የለበትም።

የሚናገረው ታላቁ ሽማግሌ አባ ጅግሶ ነው፤ አማርኛውን ቀስ እያለ፣ ቃሉን እየመረጠ ይናገራል።

«ልጃችን ታሞ ነበር» አለ። «አሁን ድኗል። ከዚህ ቤት ነው የታመመው።»

«እግዚአብሔር ይማረው» አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

«አባቱ ተቆጣው። ምን ሥራ ብለህ ነው የሰው ቤት በሽታ የምትወስደው አለው። እሱ ደግሞ ሐኪሙ ያለውን ነገረን። እኛ ተሰብስበን፣ ነገሩን አይተን አሳደርነው። ሐኪሙ ይቺ በሽታ በቤተሰብ ነው የሚሄደው አለ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ገበያ ላይ የቆመ ሰውን አይዝም አለ።»

«ብሏል።»

«ልጃችንን ይዛለች» አለ አባ ጅግሶ። «እንግዲህ ልጃችን የገበያ ሰው አይደለም፤ ቤተሰብ ነው። እኛ ብንለያየው በሽታዋ አገናኝቷል። የመጣነው ልጅቷን ለመጠየቅ ነው። እናንተ ደግሞ የምትሉትን በሉን።»

ጥላሁን ከመደቡ ላይ ሊከራከር አፉን ከፈተ። መንግሥት ካለፈ ወዲህ እንደዚህ ያለ የተስተካከለ ክርክር አልሰማም ነበር፤ ቀዳዳ ቢፈልግ አጣለት። «ክርስትና ተነስቷል?» አለ በመጨረሻ።

«ይርጋጨፌ፣ በልጅነቱ» አለ የበራሶ አባት። ከገባ ጀምሮ የተናገረው ይህን ብቻ ነው።

ሁሉም እኔን ያየኛል። የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ፤ ስለ አባቶቻችን፣ ስላለፈው ነገር፣ ስለዚያ ደጃችን ላይ ስላለ ፀሐይ። አንዱም አልመጣልኝ አለ። የበራሶ አባት ወንበሬ ላይ በጠርዙ ብቻ ተቀምጦ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አንድ ጊዜ እኔን አንድ ጊዜ በሩን ያያል። እንደ እኔው ፈርቷል።

አስካለ ከጓዳ ብቅ አለች። «ቤቱ ያፈሳል?» አለች።

ሽማግሌዎቹ ግራ ተጋቡ።

«የልጁ ቤት። ልጄ እርጥበት አይስማማትም፤ አሁን ገና ነው የዳነችው። ጣሪያው ያፈሳል ወይ?»

«ሳምንቱን ሲከድን ነው የከረመው» አለ አባ ጅግሶ። «ለዚያ ነው የቆየነው።»

ከጓዳው ውስጥ የሆነ ዕቃ ወደቀ። ብርቅነሽ መሆን አለባት።

«እናየዋለን» አለች አስካለ። እኔ ገና አልመለስኩም ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት በበቅሎ ኮንጋ ሄድን። ጭቃው እስከ በቅሎዎቹ ጉልበት ነው። ቤቱ በእንሰትና በቡና መሃል ነው፤ ሣሩ አዲስ፣ ክዳኑ ጥቅጥቅ ያለ። የበራሶ እናት አጭር፣ ፈጣን ሴት ናት፤ አማርኛ አትሰማም። አስካለ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ዲላ ኖራ የጌዴኦ ቋንቋ የምታውቀው የገበያውን ያህል ነው። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ጣሪያውን ሊያዩ ገቡና ቀሩ። ጣሪያ ይህን ያህል አይታይም። በራሶ ውጭ ሆኖ አንዴ ክዳኑን አንዴ በሩን ያያል፤ እኔና አባቱ ከጠፈጠፉ ሥር ጎን ለጎን ቆመን ካፊያውን እናያለን። ያለንን ወሬ ጨርሰናል፤ የቡናውንም፣ የዝናቡንም፣ የሁለታችንንም የጉልበት ሕመም።

በመጨረሻ ሁለቱ ሴቶች እየሳቁ ወጡ።

«ይህን ያህል ምን አወራችሁ?» አልኳት አስካለን።

«ልጆቻችንን አማናቸው።»

«በምን ቋንቋ?»

«የእሷ ልጅ ማዳመጥ እንጂ መናገር እንደማይወድ በእጇ አሳየችኝ። እኔም የብርቅነሽን ግትርነት አሳየኋት። ይስማማሉ» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ በቅሎዋን ፈታች። «ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው።»

እኔና የበራሶ አባት ተያየን። ለሁለታችንም አዲስ ወሬ ነበር።